የኋላ ጎማ

ጥቅምት 6

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጅሽ ድንቢጥስ እንዴት ናት? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን የአውቶቡሱ ሾፌር ከሰጠኝ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። ወዲያው ያልመለስኩት ንቄሽ እንዳይመስልሽ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የምጽፈው እየጠፋብኝ ነው።

ስልክ ባለማንሳቴ ተቀይመሽኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲቀጠቀጥበት የኖረ ጆሮ ነው፤ አጠገቤ ቆሞ ያልጮኸ ሰው አይሰማኝም። ስልክ ውስጥ የምሰማው የንብ ድምፅ ብቻ ነው። አምና አንዴ አንስቼ ዝም ብዬ «እሺ፣ እሺ» ስል ቆየሁ። ለካ ተሳስታ ለደወለች ሴት አንድ መኪና አሸዋ ላወርድላት ቃል ገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ማንሳት ተውኩ።

ሥራዬንም ጠይቀሻል። አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ወንበር እበይዳለሁ። እግሩ የተሰበረ፣ መደገፊያው የተገነጠለ ይመጣልኛል፤ በይጄ እመልሳለሁ። ሞተርም ሆነ ጎማ በእጄ ከነካሁ ሰባት ዓመት አለፈኝ።

ስለዚህ ስለ ሟቹ ባለቤትሽ፣ ስለ ወንድሜ ሞተር ሳይክል ጥገና የጠየቅሽኝን ሌላ ሰው ብትጠይቂ ይሻል ነበር። አባታችን ሞተሩን የገዛው እኔ በተወለድኩ ዓመት ነው። እኔ ምን ያህል እንዳረጀሁ ብታዪኝ የእሱም ይገባሻል። ለአሮጌ ዕቃ የሚያብዱ ሰዎች አሉ፤ ወልውለው ሳሎን ውስጥ ነው የሚያቆሙት። ለእነሱ ስጧቸውና ተገላገሉ። ደግሞስ ድንቢጥ ሞተር ምን ያደርግላታል? እሱን አልጻፍሽልኝም።

ሁለታችሁንም በያላችሁበት ሰላም ብያለሁ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 15

ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ ደህና ነን። ለመሆኑ አሸዋውን ለሴትዮዋ አወረዱላት? ድንቢጥ ያን ቦታ ስታነብ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። በዚህ ቤት ሳቅ ከተሰማ ስለቆየ፣ ባለ ሱቁ ምን ተፈጠረ ብሎ ብቅ አለ።

ለምን እንደምትፈልገው ልንገርዎት። የልጅ ነገር ሆኖ አይደለም። ድንቢጥዎ ሃያ አራት ዓመቷን ጨርሳለች። የከብት ክትባት ባለሙያ ሆና የተመደበችው አስፋልቱ ካለቀ በኋላ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቦታ ነው። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ተሸክማ ትነሳለች፤ ሳትደርስ በረዶው ይቀልጣል፤ በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ውሃ ማለት ነው። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ዓመት አለፈው። ባለፈው ወር በአንድ ግቢ አሥራ አንድ ከብት አለቀ። ባለቤቲቱ አልተቆጣቻትም፤ «ነገስ ትመጫለሽ?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ልጄ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱ ሸራውን ከሞተሩ ላይ ገፈፈችው። መንጃ ፈቃዱን ቀደም ብላ አውጥታለች፤ የነገረችኝ ግን ያን ቀን ነው።

እኔማ አልፈለግሁም ነበር። ሞተሩ ከትራፊክ ግቢ ከመጣ ጀምሮ ከመስፊያ ክፍሌ ጀርባ ቆሞ፣ ሰባት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው ስሰፋ ኖሬአለሁ። ቢሆንም ሞተሩ ምን አጠፋ? ያጠፋው ነጂው ነው።

ሞተሩን የሰፈራችን መካኒክ አስነስቶታል። የቀሩት ሁለቱ ጎማዎችና የመንገዱን ንዝረት የሚያለዝቡት የኋላ አሞርዛተሮች ናቸው። እሱ «የገባውን አምጡ፣ እገጥማለሁ» ይላል። «የገባ ሁሉ አይገጥምም» ይሉ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? ወንድምዎ ያንን ሞተር ከእርስዎ እጅ በቀር ለማንም አያስነካም ነበር። እኔም እንደሱ ነኝ። እርስዎ ይምረጡልን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎት። ከቀብሩ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። ምን አስቀይመንዎት ይሆን?

እህትዎ


ጥቅምት 27

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከረማችሁ? ስለ መቅረቴ የጠየቅሽኝን ለሌላ ቀን አቆይልኝ። አላስቀየማችሁኝም። ይህን ያህል ብቻ እመኚኝ።

የአሥራ አንዱን ከብት ነገር ካነበብኩ ወዲህ እምቢ የምልበት አንደበት አጣሁ። ከነገ ወዲያ እረፍት ስለሆንኩ መለዋወጫ ሰፈር ሄጄ እጠይቃለሁ። እናንተ ግን አንዳንድ ነገር ለክታችሁ ላኩልኝ።

የፊተኛው ጎማ ጎን ላይ ጎልቶ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ እሱን ጻፊልኝ። የኋላውን ማንበብ አያስፈልግም፤ አራት በአሥራ ስምንት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አትድከሙ።

አሞርዛተሩን ደግሞ እንዲህ ለኪው። ሞተሩን በመሀል እግሩ አቁሙትና ማንም ሳይቀመጥበት፣ ከላይኛው ብሎን መሀል እስከ ታችኛው ብሎን መሀል ሜትርሽን ዘርጊ። ከዳር እስከ ዳር አይደለም፤ ከመሀል እስከ መሀል። የግማሽ ጣት ስህተት ሞተሩን አንካሳ ያደርገዋል።

ድንቢጥን ደግሞ መዝኑልኝ። እንዳትስቂ። አሞርዛተሩ ላይ ያለው ጥምዝ ሞላ የሚመረጠው በሚቀመጥበት ሰው ክብደት ነው። ወንድሜ ሰማንያ ስድስት ኪሎ ነበር፤ ለእሱ የተመረጠ ሞላ እሷን እንደ ባቄላ ያነጥራታል። ጫማዋን እንዳደረገች ትመዘን። የክትባት ሣጥኑም ከነበረዶው ይመዘን።

ደህና ሁኑ።

ወንድምሽ


ኅዳር 5

ለጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ከረሙ? ያዘዙን ሁሉ ተፈጽሟል።

ድንቢጥን የመዘንናት እህል ነጋዴው ዘንድ ነው። ሌላ ሚዛን ጠፋ። ሰውዬው ሚዛኑ ላይ ካቆማት በኋላ «ግማሽ ኩንታልና አንድ ኪሎ፤ ከነማዳበሪያው ነው ወይስ ያለማዳበሪያው?» ብሎ ገበያተኛውን አሳቀባት። ሣጥኑ ከነበረዶው አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ነው።

አሞርዛተሩ ከመሀል እስከ መሀል ሠላሳ ሦስት ሳንቲም ሆነ። የግራው ላይ ከላይ እስከ ታች ዘይት ወርዶ ደርቋል፤ አቧራ ጠጥቶ እንደ ቅርፊት ሆኗል። የቀኙ ንጹሕ ነው።

የፊተኛው ጎማ ሦስት ነጥብ ሃያ አምስት በአሥራ ዘጠኝ ይላል። አትድከሙ ቢሉንም የኋላውን ጨምረን አነበብነው። ድንቢጥን ያውቋታል፣ ግማሽ ሥራ አትወድም፤ ጭቃውን በጥርስ ብሩሽ ፍቃ የመርፌ ማጉያዬን ይዛ አንድ በአንድ አስጻፈችኝ። አራት በአሥራ ስምንት ነው፤ እንዳሉት ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙ የማይገባን ፊደል አለ። መጨረሻው ላይ፣ እንደ እንቁላል በተከበበ ቦታ ውስጥ፣ 3104 የሚል ተጽፏል። ፊተኛው ላይ ያው ቦታ 1811 ይላል። ምን ማለት ነው ብላ ጠይቃኛለች። እርስዎ ያውቁት ይሆናል።

ጋሼ፣ ሞተሩ ሲታጠብ ዳር ቆሜ ሳይ ንዴቴ እንደ አዲስ አገረሸብኝ። ለሌላ ሰው አልናገረውም፤ ለእርስዎ ልናገር። ትራፊኩ «ከልክ በላይ ሲበር ነው የሞተው» ብሎ የጻፈውን ወረቀት ካነበብኩበት ቀን ጀምሮ ፎቶውን ከግድግዳ አውርጄ የጨርቅ ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ ብሎ ምሎልኝ ነበር። በልጁ ምሎልኝ ነበር። ይሠራበት የነበረው ስልክ መሥሪያ ቤትም በገዛ ጥፋቱ ነው ብሎ፣ በሥራ ላይ የሞቱት ስማቸው ከተጻፈበት ሰሌዳ ላይ ስሙን አላሰፈረም። አልተከራከርኩም። እውነታቸውን ነው ብዬ ተውኩት። ለድንቢጥም «አባትሽ ፍጥነቱን ከእኛ አስበለጠ» እያልኩ ነው ሰባት ዓመት የኖርኩት። ሲከፋኝ የማወጣው ሌላ ቃል የለኝም።

ይቅር ይበሉኝ፣ ወንድምዎ ነው። መልስዎን በቶሎ እንጠብቃለን።

እህትዎ


ታኅሣሥ 2

ለውድ እህቴ፣

እንደምን አላችሁ? ድምፄ አንድ ወር ሙሉ ስለጠፋ ይቅርታ አድርጊልኝ። አሞኝ ነበር። ምን እንደሆነ ለሐኪምም ማስረዳት አልቻልኩም፤ እንቅልፍ ነሳኝና ምግብም እምቢ አለኝ፤ ይኸው ነው። ከደብዳቤሽ በኋላ በሾፌሩ የላክሻቸው መልእክቶች ሁለቱም ደርሰውኛል።

ዕቃዎቹን በነገው አውቶቡስ እልካለሁ። ለምን እነሱን እንደመረጥኩ ልጻፍ፤ መካኒኩ ቢከራከራችሁ መልስ እንድታገኙ።

ሦስት ዓይነት አሞርዛተር አግኝቼ ነበር። አንዱ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ርዝመቱ ሠላሳ ስድስት። ሻጩ ለምኖ ሊሰጠኝ ደረሰ። የሞተሩን ጭራ ወደ ላይ ስለሚያነሳው የድንቢጥ እግር መሬት አይነካም፤ መሪውም ይቅበጠበጣል። ሁለተኛው ከሌላ አሮጌ ሞተር የወለቀ ነው፤ እሱን ሳልነካው ተውኩት። የላክሁት ሦስተኛውን ነው፤ ልኩ ሠላሳ ሦስት፣ ሞላው ለስላሳ። ታች አንገቱ ላይ አምስት እርከን ያለው ቀለበት አለ። ብቻዋን ስትሄድ አንደኛው ላይ ታድርገው፤ ሣጥኑን ስትጭን ሦስተኛው ላይ። ስትቀመጥበት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ካለ ልክ ነው።

ጎማውም እንዲሁ ሦስት ዓይነት ነበር። ጥርሱ እንደ ጡብ ጉብ ጉብ ያለው ጭቃ ላይ ጀግና ነው፤ ዝናብ የነካው አስፋልት ላይ ግን ይከዳል። ለአስፋልት የተሠራው ለስላሳው ደግሞ ሸክላ አፈር ላይ ሳሙና ነው። የእሷ መንገድ ከሁለቱም ስላለበት መካከለኛውን መረጥኩ። ሰፋ ያለ ያምራል ቢሏችሁ እምቢ በሉ፤ ሰንሰለቱ እየታከከ ይበላዋል። ከውስጥ ንፋሱን የሚይዘው ከመነዳሪም አዲስ ይሁን፤ አብሮ አለ። ንፋሱን ሁልጊዜ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ታስለካ። ጎማዎቹን ከመግዛቴ በፊት ጎናቸውን አሥር ጊዜ አንብቤአለሁ። ትኩስ ናቸው።

አሮጌዎቹን፣ በተለይ የኋላውን፣ ከወለቁ በኋላ ለማንም አታሳዩ። ቤትም አታስቀምጡ። ወዲያው አቃጥሉት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፣

ዕቃው ደርሶናል።

ጎማውን የቀየረልን መንገድ ዳር የሚሠራ ሽማግሌ ጎሚስታ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ከጎማ በቀር ሌላ ነገር ያየ አይመስልም። የኋላውን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገና የተገሸለጠውን ጥርሱን አገላብጦ ሲያየው ቆየ። ጥፍሩን ሲጭንበት ላስቲኩ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰነጠቀ። «ይሄን ማን ገጠመው?» አለኝ። የተከበበውን ቁጥር በጣቱ እየነካ፣ «የልደት ቀኑ እኮ ተጽፎበታል። የፊቱ ሁለት ቁጥር ሳምንቱ ነው፣ የኋላው ሁለት ዓመቱ፣ በፈረንጅ» አለና ባለቤትሽ መቼ ሞተ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ሲበር ነው መባሉንም ጨመርኩለት። በጣቱ ቆጠረ።

«አሥራ ሦስት ዓመት ተሰቅሎ የኖረ ጎማ ነው የገጠሙለት። የተረፈው ጥርሱ ሙሉ ነው፤ ያኔ አዲስ ይመስል ነበር። ጎማ እንደ ሰው ነው፣ ልጄ፤ ቆሞም ያረጃል። ባልሽ ሲበር አይደለም የሞተው። ይሄ በዝግታም ቢሄድ ይገነጠልበት ነበር።»

ጋሼ፣ እኔ ይህን ቁጥር ኅዳር አምስት ጻፍኩልዎት። አንድ ወር ጠፉ። ከዚያ አቃጥሉት አሉኝ።

ሲገጥሙት ያውቁ ነበር ወይ? ብዙ አይጻፉልኝ። አዎ ወይም አይ።


ታኅሣሥ 21

አዎ።

አንድ ቃል ብቻ ብለሽኛል። ግን አንዱን ቃል ብቻ ልኬ ዝም ብል ደግሞ መሸሽ ይሆንብኛል። ሌላውንም ስሚኝ፤ ካልፈለግሽ ቅደጂው።

ሰኞ ቀን ነበር። የኋላ ጎማው ተላጭቶ ሽቦው ሊወጣ ደርሶ ወደ ጋራዤ መጣ። አዲስ አዝዤለት ነበር፤ አልደረሰም። «መስመር ተበጥሶ ሦስት ቀበሌ ስልክ የለውም፣ ዛሬ መውጣት አለብኝ» አለኝ። ከጣራው ቆርቆሮ ሥር ከጋራዡ የቀድሞ ባለቤት የቀረ ያልተነካ ጎማ ተንጠልጥሎ ነበር። አወረድኩት። ጀርባዬን ሰጥቼው ጥፍሬን ጫንኩበት፤ የጎደጎደው ላስቲክ አልተመለሰም። ከጥርሱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አየሁ። ቁጥሩንም አነበብኩ። ከዚያ ያደረግሁትን ነው ለሐኪም ያልነገርኩት። ጨርቅ ዘይት ነክሬ ወለወልኩት፤ ጥቁር ሆነ፣ አማረ። ለምን እንዳትዪኝ። መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ «እኔ ወንድሜ ዘንድ የሌለ ነገር የለም» ይል ነበር። የለኝም ማለት አቃተኝ።

የግራው አሞርዛተር ዘይት ይጥል እንደነበርም አይቻለሁ። እሱንም ጠረግሁት።

«እስከ ቅዳሜ ያደርስሃል። ቅዳሜ አዲሱን እገጥምልሃለሁ» አልኩት። «አንተ ካልክ» ብሎ አስነስቶ ሄደ።

አዲሱ ሐሙስ መጣ። ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ቅዳሜ ከሥራ ቦታው ደወለ፤ ያኔ ጆሮዬ ትንሽ ይሰማ ነበር። «ጎማው መጥቷል ወይ? ልምጣ?» አለኝ። አንድ ሚኒባስ ሞተሩን ፈትቼ ወለሉን ሞልቼው፣ ባለቤቱ ራሴ ላይ ቆሞ ነበር። «ሰኞ ና» አልኩት። እህቴ፣ ጎማውን መግጠም ሃያ ደቂቃ ነው።

እሑድ ንፋስ ምሰሶ ጣለና ለሥራ ተጠራ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

በማግስቱ ትራፊኮቹ ግቢያቸው ጠሩኝ። የጎማው ጥርስ እንደ ልጣጭ ተገሽልጦ ተንጠልጥሏል። የሚጽፈው ሰው ቀና ብሎ «ጎማው እንዴት ነበር?» አለኝ። «አዲስ ነው፤ የገጠምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እንግዲያው ፍጥነት ነው» አለና ጻፈ። ሲጽፍ አየሁት፤ ዝም አልኩ። ያ ወረቀት ነው አንቺ እጅ የገባው።

አዲሱን ጎማ ቆራርጬ ጣልኩት። ጋራዡንም ዘጋሁ። እናንተ ዘንድ ያልመጣሁት በሩን ስትከፍቺልኝ የት ልይ ብዬ ነው። ወንድሜ ፈጥኖ አያውቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንቅርፍፍ ነበር፤ አባታችን ሁልጊዜ ይቆጣው ነበር።

ይህን ሰባት ዓመት ሳልነግርሽ ኖርኩ። ኅዳር ላይ ፎቶውን እንዳወረድሽ ስትጽፊልኝም አልነገርኩሽም። ጎሚስታው ባይነግርሽ ኖሮ ዛሬም የምነግርሽ አይመስለኝም። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።


ጥር 19

አንቱታው ከአፌ አልወጣ ስላለ በአንተ እጽፋለሁ።

ደብዳቤህን አንዴ ነው ያነበብኩት። ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩና ሦስት የሆስፒታል አንሶላ ውስጡን ወደ ውጭ አድርጌ ሰፋሁ። ሳየው ቀኑ መሽቷል። ፈትቼ እንደገና ለመስፋት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እንደዚያ እያልኩ ነው ወሩ ያለቀው።

ለድንቢጥ ሰጠኋት፤ አነበበችው። አላለቀሰችም። አጥፋ አስቀመጠችና «ታዲያ አባዬ በስንት ነበር የሚነዳው?» አለችኝ። ሰባት ዓመት እንደ ምስክር ስናገር የኖርኩት እኔ ነኝ። አጠገቡ አልነበርኩም፤ ወረቀት አንብቤ ነው። ተነስታ የጨርቅ ሣጥኑን ገለበጠችና ፎቶውን አወጣች። ምስማሩን ራሷ መታችው። መዶሻውን ላቀብላት ስል እጄን ገፋችው። ይህች ልጅ እጄን ገፍታ አታውቅም።

የልጄን አባት ለሁለተኛ ጊዜ ገደልኩባት። መግደያውን ያቀበልከኝ አንተ ነህ። እሱ መቃብር ውስጥ ሆኖ እኔ በየቀኑ ስወቅሰው፣ አንተ ቁጭ ብለህ ወንበር ትበይድ ነበር።

ዕቃውን አስወልቄ መልሼ ልልክልህ ነበር። ድንቢጥ እምቢ አለች። «ይህን የመረጠ ሰው በዚህ ጊዜ አልዋሸም፤ ቁጥሩን አንብቤዋለሁ» አለች። እንደተገጠመ ትሄድበታለች። በረዶው ሳይቀልጥ ትደርሳለች። ይህን የምጽፈው ደስ ይበልህ ብዬ አይደለም። እንድታውቀው ነው።

እኛ ዘንድ ና አልልህም። የተናገርከውን ትራፊኮቹ ዘንድ ሄደህ መልሰው። ትራፊኩ የጻፈው ይሰረዝ። ስሙ ሰሌዳው ላይ ይውጣ። ከዚህ ሌላ ካንተ የምፈልገው የለም።


የካቲት 8

ለእህቴ፣

እንደምን ነሽ ለማለትም አፍራለሁ።

ትናንት ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ያኔ የጻፈው ሰው ጡረታ ወጥቷል። አሁን ያለው ወጣት ነው፤ መዝገቡን ከቁም ሣጥን ሥር ለማውጣት ተንበርክኮ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። የሚጠይቀኝን ስላልሰማሁ ጥያቄውን በወረቀት ይጽፍልኛል፤ እኔ በአፌ እመልሳለሁ። የራሴን ድምፅ መመጠን ስለማልችል ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። ቀና ስል ለጉዳያቸው የመጡ ሰዎች በሩ ላይ ተሰብስበዋል። «ጎማውን በዘይት ወለወልኩት» ስል አንዲት ሴት አፏን ያዘች። ይሁን፤ ያኔ በሹክሹክታ ነበር የዋሸሁት።

ወጣቱ «ለምን ዛሬ?» ብሎ ጻፈ። «የወንድሜ ሚስት ላከችኝ» አልኩ። እንዳለ ጻፈው። አንድ ቅጂ ለስልክ መሥሪያ ቤቱ ይላካል ብሏል። እኔንም ይጠሩኝ ይሆናል፤ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ።

ከዚያ በእናንተ መንገድ አለፍኩ። ልዋሽሽ አልችልም፤ ላልፍ ብዬ ነው የሄድኩት። ቁልፍ ቀራጩ ሱቅ ጥግ ቆምኩ። በመስኮቱ አየሁሽ፤ መነጽር ጀምረሻል። ጥቂት ቆይቶ ድንቢጥ ሞተሩን እየገፋች ወጣች። ሣጥኑን አሠረች፤ ጎንበስ ብላ ቀለበቱን ሦስተኛው ላይ አደረገች። ስትቀመጥበት ሞላው ሁለት ጣት ዝቅ አለ። ልክ ነው። በፊቴ አንድ ክንድ ያህል ርቃ አለፈች። ስታየኝ ሽማግሌ እንደሚከበር አንገቷን ሰበር አደረገችልኝ። አላወቀችኝም። እጄን ላነሳ ነበር፤ መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ተመለስኩ።

ወንድምሽ እንዳልል ቃሉ ከበደኝ።


የካቲት 16

ጋሼ፣

ቃልህ ለመሥሪያ ቤቱ ደርሷል። እንደ ወጉ «እናየዋለን» ብለዋል። ካላዩት ሄጄ ደጃቸው ላይ መስፊያዬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ።

ስለ ጎማው ይቅር ብዬሃለሁ አልልም፤ ብል ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በቅቶናል። አንድ ቀን እል እንደሆነም አላውቅም። ትራፊኩ ዘንድ መሄድህን ግን ሰምቻለሁ፤ የቁልፍ ቀራጩ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ነበረች። ያወራችለትን ሁሉ ነገረኝ።

የተናደድኩብህ በሌላ ነው። ሰባት ዓመት መቅረትህ በፍርሃት ነው እንበል። አሁን ግን የምትደብቀው ነገር አልነበረህም። መንገዴ ድረስ መጥተህ፣ በመስኮት አይተኸኝ፣ ሳታንኳኳ ተመለስክ። እንዲህ ያለውን ባዳም አያደርገውም።

ደብዳቤህን ለድንቢጥ አነበብኩላት። ገና ከመንገድ መግባቷ ነበር። «ያ ቁልፍ ቤቱ ጋ የቆመው ሽማግሌ እሱ ነበር?» አለችኝ። አዎ ስላት ሞተሯን አዙራ ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደች። ከሄደ ሰባት ቀን ያለፈውን ሰው ፍለጋ። ተይ አልኳት፤ አልሰማችኝም። አውቶቡሶቹ መካከል ሁለት ጊዜ ዞራ፣ ሾፌሮቹን ጠይቃ፣ ብቻዋን ተመለሰች። እራቷ ቀረበላት፤ አልበላችም።

ሌላ ጊዜ እንዲህ እንዳታደርጋት።